ውኃ ልክ

ግንበኛ «ውኃ ልክ» የሚላት፣ በመስታወት ዘንግ ውስጥ የምትዋኝ አረፋ ናት፤
ግንቡ ዘሞ እንዳይወድቅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምናት።
የእኔ ውኃ ልክ ሌላ ነው፤
መቶ ሜትር ጥብጣብ፣ በመዘውር የተጠቀለለ፣
ጫፉ ላይ የብረት ጣት ያለው።
ጨለማ ውስጥ እሰደዋለሁ፣
ውኃ ነክቶ እስኪጮኽ ትንፋሼን ይዤ እጠብቀዋለሁ።

ከወገል ጤና ቁልቁል፣ ምስሩ ከታጨደበት፣
ገደሉ በጎኑ ተፈልፍሎ ከሰል ከሚወጣበት፣
አሥራ አንድ ጉድጓድ አለኝ፣ ቁጥር የተቀባበት።
ሦስቱን ማዕድኑ ነው የቆፈራቸው፤ ቁልፍ አላቸው።
ስምንቱ የሰው ናቸው፤
ከንፈራቸውን ገመድ የበላው፣
ክዳናቸው የበርሜል ቆርቆሮ፣ ድንጋይ የተጫነው።

አያ ይመር፣ ከስምንቱ አምስቱን በዶማ የወረደ፣
አንድ ዓይኑ በድንጋይ ፍንጣሪ የሄደ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል፤
ጠጠር ይጥላል፣ አንገቱን ያዘነብላል።
«ሃያ ስምንት ክንድ» ይላል።
ጥብጣቤ ይጮኻል፦ አሥራ አራት ሜትር ከሃያ።
«ያንቺ ትጮኻለች እንጂ ምን ጨመረች?» ብሎ ይስቃል።

ጉድጓድ ሰባት። ጥቅምት፦ አሥራ አንድ ከአርባ።
ኅዳር፦ አሥራ ሁለት ከስልሳ።
ታኅሣሥ፣ ያ አያ ይመር የሳቀበት።
«በጋ ነው» ይላሉ ቢሮ፣ «ውኃ በበጋ ይሸሻል።»
እውነት ነው፣ ይሸሻል።
ግን ከማዕድኑ ሆድ ውስጥ ፓምፑ ሌት ተቀን ያጓራል፣
የተፋው በቦይ ተንዶ ወደ በሽሎ ይወርዳል።
ከማን ጉድጓድ እንደሄደ ፓምፑ አይናገርም፤
እኔም ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም።

ከዚያ ጠርሙስ እሞላለሁ፣ ወረቀቷን እነክራለሁ፣
ወደ ብርቱካን ስታደላ «ኮምጣጣ» ብዬ እጽፋለሁ።
የሰባት ቁጥር ባለቤት ጀማነሽ ወረቀት አላሻትም።
ያጠበችውን ነጠላ ዘርግታ አሳየችኝ፣ ዝገት ለብሷል።
«ጥጃዋም አሽትታ ተመለሰች፤
ይኼንንስ የቱ ጋ ትጽፊዋለሽ?» አለች።
ቅጹን ገለጥኩ። ብረት አለ፣ ሰልፌት አለ፣ ሙቀት አለ።
የጥጃ ዓምድ የለም።
በኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ አሳንሼ ጻፍኩላት።

የካቲት፣ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ጥብጣቡን ለቀቅኩት።
አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት።
የብረት ጣቷ ደለል ነካች፣ ጥብጣቡ ላላ፣
ዝም አለች።
አያ ይመር ጠጠሩን ጣለ፤
ከታች የመጣው ድምፅ ደረቅ ነበር፣ ሽማግሌ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ።
ሁለተኛ አልጣለም።
ኪሱ ውስጥ የቀሩትን አንድ በአንድ አውጥቶ
ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረደራቸው።
አልሳቀም።

ቢሮ ገብቼ ቅጹን ሞላሁ።
ውኃ ከሌለ ናሙና የለም፣
ናሙና ከሌለ ኮምጣጣ አይባልም፣ ዝገት አይባልም።
የሰባት ቁጥር ረድፍ ባዶ ሆነ፤
የቀሩት አሥር ተደምረው ለአሥር ሲካፈሉ
አማካዩ ከጥር የተሻለ ሆነ።
አለቃዬ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አነበበ፦
«ከልክ አላለፈም።» ፈረመ። «ልክ ነው።»
ስሌቱን ሦስቴ ደገምኩት።
ልክ ነው።

ማታ ጥብጣቡን ስጠርግ ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ አገኘሁ፤
በጥፍሬ ፍቄ ወረቀት ላይ አራገፍኩት፣ ቆንጥር አይሞላም፤
ሰው ሲጠጣው የኖረ ጉድጓድ ወለል ነው።
ቅጹን መልሼ አወጣሁ፤
ባዶው ረድፍ ላይ፣ አሁን በእርሳስ ሳይሆን በብዕር፦
«አሥራ ሰባት ሜትር ከአሥር። ደለል። ጠጠር ተጣለ፣ ውኃ አልመለሰም።
ምስክር፦ ይመር አበጋዝ፣ ቆፋሪው።»
ማን እንደሚያነበው አላውቅም።

ጀማነሽ አሁን ከስምንት ቁጥር ትቀዳለች፣
ከጎረቤት ጋር ወረፋ ይዛ፣ ጎህ ሳይቀድ።
ዛሬ ማክሰኞ ነው።
ስምንት ቁጥር፦ አሥራ ሦስት ከዘጠና።